በቫይረስ ምክንያት

እታገኝን ሰው ቢሰድባት ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው ግን ስድብ አይደለም። "አንቺ ዕረፊ" የሚሏት ነገር ነው።

ልቅሶ ቤት ትሄዳለች። መቀነቷን ጠበቅ፣ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ማድቤት ትገባለች። የዕድሩ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እሳት ያነዳሉ። ገና ቢላዋ ከማንሳቷ አንዷ ቀስ ብላ ከእጇ ትወስድባትና "እትዬ፣ አንቺ ዕረፊ፤ በቃ ደክሞሻል" ትላታለች። እንዲህ የሚሏት ደግሞ ፈገግ ብለው ነው። ያ ፈገግታ ነው አንጀቷን የሚያሳርረው። ድሮ የዕድሩን ወጥ የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ድንኳን ሙሉ ሰው የሚበላበትን ድስት እሷ ሳታየው ከጉልቻው አያነሱትም ነበር። አሁን ግን ከአሮጊቶቹ ጋር ጥግ ላይ ያስቀምጧታል፣ ውሃዋንም በብርጭቆ ለብቻ ያመጡላታል። በብርጭቆዋ ሌላ ሰው አይጠጣም።

ይህን ሁሉ ያመጣባት አንድ ማሽን ነው ቢባል ማን ያምናል።

እታገኝ አምቦ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የምርጥ ዘር ማከፋፈያ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ለሠራተኛውም፣ ግቢው ውስጥ ተራ ለሚጠብቀው ገበሬም ሻይ የምታፈላው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ፊደል የቆጠረችው ጎልማሳ ከሆነች በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብላ ከሆነ ማስታወቂያ ታነባለች።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምህረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር አንድ ኮምፒዩተር መጣ። ፈረንጆች ለፕሮጀክት የሰጡት ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተድላ ሠራተኛውን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰብስቦ ንግግር አደረገ።

"ከእንግዲህ ገበሬው ዘር ለመውሰድ እዚህ አያድርም" አለ። "ስሙን እንነካለን፣ ከነቀበሌው ብቅ ይላል።"

ዘበኛው ሙለታ እጁን አወጣ። "የሞተም ገበሬ ብቅ ይላል፣ ጓድ?"

ሰው ሳቀ። ጓድ ተድላ አልሳቀም።

ለማሽኑ አንድ ክፍል ተለቀቀለት። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተመረገ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ማታ ማታ እንደ አራስ ነጭ አንሶላ ያለብሱታል። ስለ ማሽኑ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ንዋይ የሚሉት ልጅ እግር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ ለኮርስ ተልኮ የመጣ። ሌላው ሠራተኛ በበሩ ሲያልፍ እንኳ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ነው፤ በጓድ ተድላ፣ በንዋይና ስለምትወለውል በእታገኝ።

ሥራው ግን አልቀለለም፤ እንዲያውም እጥፍ ሆነ። የገበሬው ስም እንደ ድሮው በእጅ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያ ንዋይ ማሽኑ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ጓድ ተድላ ማሽኑን ስለማያምነው፣ በማሽኑ የወጣውን ከእጅ ጽሑፉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያል። በመሃል መብራት ይጠፋል፣ ንዋይ እንደገና "ሀ" ይላል። ከወንጪ በፈረስ፣ ከእጃጂ በእግር የመጣ ገበሬ ግቢው ውስጥ ተኮልኩሎ "ማሽኑ እየሠራ ነው" እየተባለ ይውላል። ወደ በላይ አካል የሚሄደው ሪፖርት ላይ ግን መሥሪያ ቤቱ ዘምኗል።

ጓድ ተድላ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ስስ ጥቁር ዲስክ ይዞ መጣ። ወዳጁ የሰጠው ጨዋታ ነው፤ አውሮፕላን ይነዱበታል። ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ ሲጫወት ይውላል። እታገኝ ሻይ ይዛ ስትገባ ማሽኑ "ጢጥ፣ ጢጥ" ይላል። ንዋይ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ "ጓድ፣ የውጭ ዲስክ ባናስገባበት ይሻላል ብለውናል" ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች።

"አሁን አንተ ነህ እኔን የምታዘኝ?" አለው ጓድ ተድላ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ንዋይ ማሽኑን ሲከፍተው እታገኝ ወለሉን እየወለወለች ነበር። ከገበሬዎቹ ስም መሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ብድግ አለችና መስታወቱ ላይ ከጠርዝ ጠርዝ እንደ ኳስ ትነጥር ጀመር።

"ኳስም ይጫወታል እንዴ ይሄ ዕቃ?" አለች እታገኝ።

ንዋይ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ።

ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ። አየውና "ቫይረስ ነው" አለ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጠርጎ፣ የገበሬው ስም ከመጀመሪያው እንደገና መጻፍ አለበት አለ። ከዚያ "የውጭ ዲስክ ያስገባ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

ጓድ ተድላ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእኛ ሠራተኞች ዲሲፕሊን ያላቸው ናቸው። ሰው የሌለ ጊዜ ክፍሉን ከፍታ የምትገባው እንግዲህ ጽዳቷ ናት። ምን እንደምትነካካ አላውቅም።"

ባለሙያው ንዋይን አየው። ንዋይ አንገቱን ደፍቶ ከካልሲው ሾልኮ የወጣውን አውራ ጣቱን ያያል። እታገኝ በር ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። ያኔ ነገሩ ብዙም አልከበዳትም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥፋት ሲጠፋ ወደ ጽዳት ሠራተኛ መወርወሩ ያለ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ይጻፍብኛል፣ ያልፋል ብላ ነበር።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጓድ ተድላ ቸኩሎ የጻፈው ነው። "ወ/ሮ እታገኝ ከዛሬ ጀምሮ በቫይረስ ምክንያት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል እንዳይገቡ የተከለከሉ መሆኑን እናሳውቃለን" ይላል። ከሥሩ መፈክር፣ ከመፈክሩ ሥር ማኅተም። የማሽኑ ቫይረስ ይሁን የሴትየዋ አይናገርም።

የዚያን ሰሞን ሬዲዮው ስለ አዲሱ በሽታ ማውራት ጀምሮ ነበር። መድኃኒት የለውም፣ ያከሳል፣ የሚመጣውም ከዚያ ነገር ነው ይላል። እዚያም ውስጥ ቫይረስ የሚባል ቃል አለ።

ሙለታ ዘበኛው ማንበብ ለማይችል ገበሬ ማስታወቂያ ማንበብና ወደ ኦሮምኛ መመለስ ሥራዬ ብሎ ይዞታል። የእጃጂው ኦቦ ሌታ፣ የእታገኝን ሻይ ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጡ የማይሄዱ ሽማግሌ፣ ከሰሌዳው ሥር ቆመው ጠየቁት።

"ምን ይላል?"

"አዴ እታገኝ እዚያ ክፍል እንዳትገባ ይላል።"

"ለምን?"

"በቫይረስ ምክንያት።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"ዱኩባ ነው፣ ኦቦ። በሽታ።"

ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ "ያ በሬዲዮ የሚሉት?" አሉ።

ሙለታ ክፉ ሰው አልነበረም። ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን አከከ። "ሬዲዮውም የሚለው ቫይረስ ነው፣ ወረቀቱም የሚለው ቫይረስ ነው። እኔ ያለውን ነው ያነበብኩት።"

እታገኝ ከኋላቸው ትሪ ይዛ ትመጣ ነበር። ጨዋታውን አልሰማችም። ለኦቦ ሌታ ሻይ ዘረጋችላቸው።

"ዛሬ ይቅርብኝ፣ ሆዴን ቆርጦኛል" አሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

አጠገባቸው ላለው ዘረጋች። እሱንም ሆዱን ቆርጦታል። ትሪው እንደሞላ ተመለሰ። የገበያው ቀን ሲደርስ ነገሩ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ወጥቶ፣ በርበሬ ተራን አልፎ፣ ሰፈሯ ገብቶ ነበር። አንዲት በርበሬ ሻጭ "ከፍለሽ ነው የምትነኪው፣ እናቴ" ስትላት ነው ምን እንደሚባል የገባት።

ጓድ ተድላ ቢሮ ገባች።

"ጓድ ተድላ፣ ያንን ወረቀት ያንሱልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"ሰው ሌላ ነገር መስሎታል።"

"ምን መስሎት?"

እታገኝ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷ ታሰረ። ባል የሌላት ሴት፣ ወንድ ፊት ቆማ፣ ያን በሽታ ስሙን እንዴት ትጥራው? ከአፏ ከወጣ የሷ የሚሆን መሰላት። ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

"ምንም" አለች።

"ምንም ከሆነ ምን ቢሮ አስገባሽ? መሥሪያ ቤት በመሃይም ወሬ አይተዳደርም።"

ወጣችና ንዋይን ከመጋዘኑ ጀርባ ያዘችው።

"ልጄ፣ ይሄ ቫይረስ የሚሉት ከሰው ወደ ዕቃ ይሄዳል?"

"አይሄድም፣ እትዬ። ጽሑፍ ነው፤ ተንኮለኛ ሰው የጻፈው። ከዲስክ ወደ ዲስክ ነው የሚጋባው።"

"ታዲያ ይህንኑ ለሰው ንገርልኛ።"

"ምን ብዬ? ዲስኩን ማን አመጣው ሲሉኝ ጓድ ተድላ ልበል? በነጋታው እንጭኒ ነው የሚወረውሩኝ።"

"እንጭኒ ሰው አይኖርበትም?"

ንዋይን ሳቅ አመለጠው። ወዲያው አፈረና መሬት መሬት አየ። እታገኝም ስለሱ አፈረች። ከዚያ ወዲህ ሲተያዩ አንዱ መንገድ ይቀይራል።

እሷ ራሷ ለማስረዳት ሞክራለች። ጎረቤቷን አየለችን አጥሩ ላይ ጠርታ "በሽታው የማሽኑ ነው እኮ" አለቻት።

"ማሽን ይታመማል?" አለች አየለች።

"ይታመማል አሉ።"

"ከማን ይዞት?"

እታገኝ ከአጥሩ ዞር አለች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለተኛ ለማንም አላስረዳችም። የምታስረዳ ሴት ጥፋተኛ ትመስላለች፤ ዝም ካለችም ያው ነው። የዚያን ክረምት ብርድ መትቷት ስታስል ሰው ከአጠገቧ ፈቀቅ ይልባት ጀመር። እሷም ሳል ሲመጣባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ጨው ለመግዛት ሰው ወደማያውቃት ወደ ጉደር በእግሯ ትወርዳለች። ከሁሉም የሚያሳፍረው፣ ቤቷ ውስጥ ለብቻዋ ሆና እንኳ ብርጭቆዋን ከሌሎቹ ለይታ ማስቀመጥ መጀመሯ ነው። መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን ትነካለች፤ ከሳሁ እንዴ ትላለች። የለብኝም ብላ የምታውቀውን ነገር አለብኝ ይሆን እያለች ስታሰላስል ታድራለች።

ማሽኑም አልዳነም። ንዋይ ስሙን ሁሉ እንደገና ጽፎ ሊጨርስ ሲል መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና ከውስጡ ጭስ ወጣ። ባለሙያ ቢጠየቅ፣ ደብዳቤ ቢጻፍ፣ አንሶላው ከላዩ ሳይነሳ ቀረ። ገበሬው ሲመጣ "ማሽኑ ታሟል" ይሉታል። ከወንጪ በፈረስ የመጣ አንድ ጎልማሳ ዘር ሳይወስድ ሲመለስ ፈረሱን ጎተት አድርጎ "አንቺ ሴትዮ፣ ባትነኪው ምናለበት" ብሏት ሄደ።

በዚህ መሃል የአየለች ወንድም ጥሩሰው ከሰሜን ጦር ሜዳ ተመለሰ። ወታደር ሆኖ ሲሄድ በር የማይበቃው ሰው፣ ሲመለስ ካፖርቱ ብቻ የቆመ ይመስላል። ከምን እንደከሳ ማንም አልጠየቀውም፤ ሰው ለራሱ መልስ ሰጥቶ ነበር። አንድ ከሰዓት ከዘራውን ተደግፎ እታገኝ ቤት ገባ።

"ሌላ ቤት ስገባ ይቁነጠነጣሉ" አለ። "አንቺ እንኳ አትጸየፊኝም ብዬ ነው፣ እትዬ።"

ውሃ ሰጠችው። ስለ ድሮ ጎረቤቶች አወሩ፣ ሳቁም። ሲወጣ ግን እጇ ሳያስፈቅዳት ብርጭቆውን አነሳ። በአመድ ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ እንደገና በአመድ ፈተገችው። ቀና ስትል ጥሩሰው በሩ ላይ ቆሟል።

"ከዘራዬን ረስቼ" አለ። ከዘራውን አነሳ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

እታገኝ እጇ አመድ እንደሆነ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ እፍረቷ ሰዎች የጫኑባት ነበር። ይሄኛው የራሷ ነው። ከዚያ ወዲህ "እኔ በሽታ የለብኝም" ማለት ጠላች፤ በጥሩሰው ላይ መትፋት መሰላት።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ጥበቃው ሸሸና መሥሪያ ቤቱ ተዘረፈ። ወንበሩ ሄደ፣ ቆርቆሮው ሄደ፣ የመጋዘኑ በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ ሄደ። ሲረጋጋ እታገኝ ገብታ ብታይ ባዶ ክፍል ውስጥ ያ ማሽን አንሶላውን ለብሶ እንደተቀመጠ ነው። ሌባ እንኳ ፈርቶት አልነካውም። አንሶላውንም ትቶ ሄዷል። እታገኝ ልትስቅ አሰበችና ከበሩ ሳትወጣ ዕንባዋ መጣ።

በነሐሴ መጀመሪያ የተድላ እናት እማማ አመለሸጋ አረፉ። ተድላ ያኔ ጓድነቱ ቀርቷል፤ ሥራም የለውም። በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸውና እታገኝ በቀብሩ ማግስት ሄደች። ማድቤት ስትገባ እንደተለመደው ቢላዋውን ከእጇ ወሰዱባት። ድንኳን ገብታ ጥጓ ላይ ተቀመጠች።

ተድላ ከፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል። እናቱ ከሞቱ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይለምኑታል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ወዲያ ማዶ ምሰሶው ሥር ጥሩሰው ተቀምጧል። አጠገቡ ግራና ቀኝ ቦታ ክፍት ነው፤ ድንኳኑ ግን ጢም ብሏል።

እታገኝ ክፍቱን ቦታ አየችና ተነሳች።

ማድቤት ገባች። ሴቶቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳህን አነሳች፣ እንጀራ ዘረጋች፣ የፍልሰታ ምስር ወጡን በጭልፋ ቀድታ አፈሰሰችበት።

"እትዬ፣ እኛ..." አለች አንዷ።

"ለሟች ልጅ ነው" አለችና አልፋት ወጣች።

እጇን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ታጠበች። ተድላ ፊት ተንበረከከች። ወሬው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየበረደ ወደ ኋላ ሄደ።

"አቶ ተድላ፣ እህል ይቅመሱ።"

"አልችልም፣ እታገኝ።"

ዝቅ ብላ፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ማሽኑን ማን እንዳሳመመው እርስዎ ያውቃሉ" አለችው።

ዓይኑን አነሳ። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት ቀልቷል። "ዛሬ ነው ይሄን የምታነሺው? እናቴን በቀበርኩ ማግስት?"

ፊቷን እሳት ላሰው። እውነቱን ነው። ሐዘንተኛ ፊት ቂም ይዞ መንበርከክ ምን ዓይነት ሴት ያሰኛል? መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። እጇን ግን አልሰበሰበችም።

"ዛሬ ነው" አለች። "ሌላ ቀን ይሄን ሁሉ ሰው ማን ይሰበስብልኛል።"

እንጀራውን ቆርሳ፣ ምስሩን አጥቅሳ፣ ጠቅለል አድርጋ ወደ አፉ ዘረጋች። ሙለታ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ተድላ ጉርሻውን አየ፣ ጣቶቿን አየ፣ ሰዉን አየ። እምቢ ቢል የጻፈውን ማጽናቱ ነው። ጎርሶ ለምን አልፈራህም ቢባል ደግሞ የሚመልሰው እውነቱን ብቻ ነው።

አፉን ከፈተ። ጎረሰ። እያኘከ ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ ለእናቱ ይሁን ለሌላ ማንም አልለየውም። እጇን ገና አልመለሰችም ነበር።

"ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ ሲውጥ፣ ጮኾ ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው። "በሽታው የዲስኬ ነው፤ እሷ አልነካችውም።"

ዲስክ ምን እንደሆነ ከድንኳኑ ሰው ግማሹ አያውቅም። ሲጎርስ ግን ሁሉም አይቷል።

እታገኝ ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። አንድ ጊዜ አጎረሰችው፣ ደግማም አጎረሰችው፤ ሁለተኛውን እንደ እናት ነው ያጎረሰችው፣ አፍሯልና። ከዚያ ሳህኑን ይዛ ተነሳች፣ በሰዉ መሃል ማንንም ሳታይ አለፈች፣ ጥሩሰው አጠገብ ካለው ክፍት ቦታ ሄዳ ቁጭ አለች። ሳህኑን በሁለቱ መሃል አስቀመጠችው።

"ብላ" አለችው። "እኔም አልበላሁም።"

ጥሩሰው ከዘራውን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ እጁን ሰደደ። እሷም ሰደደች። ከአንድ ወገን ቆርሰው በሉ። ምስሩ ጨው ያንሰዋል።

ሲጨርሱ ባዶውን ሳህን ይዛ ወደ ማድቤት ተመለሰች። ፊቷ ገና እንደጋለ ነው። ሴቶቹ ከድስቱ ዙሪያ ቆመዋል። ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ከጨው ዕቃው በእፍኟ ዘግና ትልቁ ድስት ውስጥ ጨመረች፤ ማማሰያውንም ከአየለች እጅ ወስዳ ታማስለው ጀመር።